ፈቃድ የማይጠየቅበት በር

በቅዱስ ማርቆስ ቀን ጠዋት ኦብዱሊያ ዶማዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ምሽጉ ስትወጣ ገና አልተናደደችም ነበር። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በኋላ የመንደሯ የቤናርሳ ሰው ሁሉ «እሷ እኮ ድሮም ከአልጋዋ ስትነሣ ተቆጥታ ነው የተነሣችው» እያለ አውርቷል። ውሸት ነው። ስትነሣ ደህና ነበረች። ሁለት እንቁላል ጠብሳ በልታለች፣ ለድመቷ ወተት ቀድታለች፣ ለጎረቤቷ እንኳ እንደምን አደርሽ ብላለች፤ ይሄ ደግሞ እሷ ዘንድ በየቀኑ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የመንደሩ የውሃ አባት እሷ ናት። ከእሷ በፊት ሴት በዚህ ሹመት ላይ ተቀምጣ ስለማታውቅ ሰዉ ሌላ መጠሪያ ሊፈልግላት ሞክሮ ሲያቅተው «አባት» እንደሆነች ቀረች። ማን በየትኛው ቀን፣ ለስንት ሰዓት ወይራውንና ቲማቲሙን እንደሚያጠጣ የምትወስነው እሷ ናት። በዚያ ደረቅ የስፔን አገር ከሰው ተራ ላይ የተሰረቀች ግማሽ ሰዓት ወንድማማቾችን ሠላሳ ዓመት ታኮራርፋለች፤ ስለዚህ ሥራው ፊት አይቶ ለሚያዳላ ሰው አይሆንም።

ውሃው የሚመጣው ከተራራው ነው። ጥንት አገሩን የገዙት ሙስሊሞች፣ ሙሮቹ፣ በቆፈሩት የመሬት ውስጥ ቦይ አድርጎ ምሽጉ ሥር ይገባል፣ እዚያ ትልቅ የድንጋይ ገንዳ ውስጥ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ ማሳው ይወርዳል። ገንዳው በየዓመቱ ደለሉ ካልወጣለት፣ እዚያ አገር ጠብታ ዝናብ በማይወርድበት በሐምሌ፣ አርባ ቤተሰብ ደረቅ ቅርንጫፍ ይለቅማል። ችግሩ ገንዳው ላይ ቤተ መንግሥት መቀመጡ ነው።

እንዴት ተቀመጠ? ከአምስት መቶ ዓመት በፊት አንድ ማርኬዝ የሚል ማዕረግ ያለው መኳንንት፣ አገሩን ከሙሮች ከነጠቁት ጀግኖች አንዱ ነኝ ብሎ ተኮፍሶ፣ የእነሱን ምሽግ ከነግንቡ ትቶ መሃሉ ላይ ቤት ሠራ። ከውጭ ሲያዩት ፊቱን ያኮሳተረ የጦር አምባ ነው። በሩን ሲያልፉ ግን ነጭ እብነ በረድ፣ ቀጫጭን ዓምድ፣ በአበባና በመልአክ የተቀረጸ መስኮት ብቻ ነው። እብነ በረዱን ከጄኖቫ በመርከብ አስጫነ፤ ቀራጮቹንም ከዚያው አመጣ። ውሃ ግን ከጄኖቫ ተጭኖ አይመጣምና የሙሮቹን ገንዳ ሳይነካ የብረት ክዳኑን በግቢው መሃል አደረገ። ኩራቱ የራሱ፣ የሚጠጣው የሌላ። ዘሮቹ ዛሬ ማድሪድ ነው የሚኖሩት ይባላል፤ ቤናርሳን በካርታ ላይ ፈልጉ ቢባሉ ማግኘታቸውን እንጃ።

ያም ሆኖ መንደሩና ቤተ መንግሥቱ ተቻችለው ኖረዋል። በማርቆስ ቀን በሩ ይከፈታል፣ ባለመስኖዎቹ በጭቃ ቦቲያቸው እብነ በረዱን ረግጠው ይገባሉ፣ ጠርገው ይወጣሉ። አይጠይቁም። የኦብዱሊያ አባት ሕጉን ያስተማራት እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ሰላም በይ፣ ፈቃድ ግን አትጠይቂ። 'እባካችሁ' ያልሽ ዕለት ውሃው የእነሱ ነው።» የተጻፈ ነገር የለም። የነበረው በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ተቃጥሏል። የመንደሩ ወረቀት እግሩ ነው፤ በየዓመቱ ሳይጠይቅ መግባቱ ብቻ።

ይህን ማንም ሳያስታውሰው ለዘመናት ኖሮ ባለፈው መከር አንድ ኩባንያ ቤተ መንግሥቱን ከማድሪዶቹ ተከራየ። ገንዳውን የእንግዶች መታጠቢያ ላደርገው ነው አለ፤ ሞቅ ባለ ውሃ፣ በሻማ መብራት። መንደሩ ሲጮህ ኩባንያው ፍርድ ቤት ሄዶ፣ «እነዚህ ሰዎች መብት ኖሯቸው አያውቅም፤ ባለቤቶቹ በደግነት ሲያስገቧቸው የኖሩ እንግዶች ናቸው» ሲል አመለከተ። ቀጠሮው ለግንቦት ነው። ዳኛዋ የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ እንደሆነ የመንደሩ ጠበቃ ነግሯቸዋል፦ ስትገቡ በፈቃድ ነው ወይስ በመብት?

ስለዚህ የዘንድሮው ማርቆስ እንደሌላው ጊዜ አልነበረም። ኦብዱሊያ ከአንድ ሳምንት በፊት አሥራ አራቱን ጠራጊዎች ሰብስባ፣ «ማንም ምንም አይጠይቅ፣ ማንም ምንም አይፈርም» ብላ እንደ ሕፃን ደጋግማ ነግራቸዋለች። ሁሉም አንገታቸውን ነቅንቀዋል። አንገት መነቅነቅ ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

ዳገቱን ስትወጣ ከኋላ ቀረች፤ ከሰማንያ አራት ዓመቱ ሽማግሌ ከፉልሄንሲዮ ጋር ነበር የምትሄደው። እሱ መጥረግ ከተወ ቆይቷል፤ ግን ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም፣ በየአሥር እርምጃውም ቆሞ የሞቱ ሰዎችን ስም ይቆጥራል። በሩ ጋ ሲደርሱ አሥራ አራቱ ገብተው ጨርሰዋል።

የቀድሞው የእንጨት በር ተከፍቶ ከኋላው የሚሽከረከር የብረት መግቢያ ተተክሏል። አጠገቡ ሰማያዊ ሰደርያ ለብሶ፣ ፊቱ በፈገግታ አብርቶ የቆመው ካስቶ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ። ሦስት ዓመት ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ በሃምሳ ሰባት ዓመቱ በር ጠባቂ አድርጎ የቀጠረው ይኸው ኩባንያ ነው። ኦብዱሊያ ይህን ውጣለት ነበር። ሰው መብላት አለበት።

«እቴ፣ ነይ ነይ! አንቺን ብቻ ነው የምንጠብቀው» አለና አንድ ክብ ተለጣፊ ወረቀት ደረቷ ላይ ሊለጥፍ እጁን ዘረጋ። ወረቀቱ ላይ በትልቁ «ጎብኚ» ተብሎ ተጽፏል።

ኦብዱሊያ እጁን በአየር ላይ ያዘችው። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ምንም አይደል፣ ለሥርዓቱ ነው። ሁሉንም ጨርሼልሻለሁ። ሌሎች ቡድኖች ሳይቀድሙን ብዬ ከትናንት ወዲያ የቡድን ጉብኝት ማመልከቻ ሞላሁላችሁ። የአሥራ አምስታችሁንም ስም ጻፍኩ። በነፃ ነው፣ አንድ ሳንቲም አይከፈልም! ባልዲዎቹን እንኳ ታች አውርጄ በረድፍ በረድፍ ደርድሬያለሁ።»

«ማመልከቻው ላይ ምን ይላል?»

«ያው... ገንዳውን ለመጎብኘት ፈቃድ እንዲሰጠን በትሕትና እንጠይቃለን ይላል። የታተመ ነው፣ እኔ አልጻፍኩትም። ከታች ፈርሜ...»

«በትሕትና!» አለች ኦብዱሊያ።

ፉልሄንሲዮ ባርኔጣውን አውልቆ በረጅሙ ተነፈሰ። «በቃ፣ ገደልከን ልጄ» አለ።

ካስቶ አንዴ እሷን አንዴ ሽማግሌውን አየ። ገብቶት አልነበረም። ይሄ ነው እንግዲህ የሚያቃጥለው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ሰድበው ይገላገሉት ነበር። ጠብ እንዳይነሣ፣ እህቱ በር ላይ እንዳትዋረድ፣ እግረ መንገዱንም ሥራው እንዳይነካበት አስቦ፣ ማንም ሳይልከው፣ አርባ ቤተሰብ ለዘመናት አልጠይቅም ያለውን ነገር በአንድ ፊርማ ጠይቆ ቁጭ አለ።

ኦብዱሊያ በብረቱ መግቢያ በኩል ወደ ውስጥ ተመለከተች። አሥራ አራቱ ባለመስኖዎች በነጩ ግቢ ውስጥ እንደ ትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈዋል። በደረታቸው «ጎብኚ»፣ በቦቲያቸው ላይ ሰማያዊ የላስቲክ መሸፈኛ። ዶማቸውን ግድግዳ አስደግፈው እንዲያስቀምጡ ተደርጓል። ከፊታቸው ኩባንያው የላከው ሥራ አስኪያጅ ኢኚጎ ስለ ሬኔሳንስ ያስረዳቸዋል፤ የኩባንያው ጠበቃ ደግሞ ስልኩን ወድሮ እያንዳንዳቸውን ከነተለጣፊያቸው ፎቶ ያነሣል። አንድ በአንድ። ሳይቸኩል።

የፎቶው ጉዳይ ወዲያው ገባት።

«ውጡ!» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ከዓምዶቹ ጋር ተላግቶ ተመለሰ። «ሁላችሁም ውጡ! ያንን ነገር ከደረታችሁ ላይ ንቀሉት!»

«ምን ሆነሻል?» አለ ኤሜቴሪዮ፣ ከጠራጊዎቹ ሁሉ ወፍራሙ። «ገብተናል እኮ! ይሄን ላስቲክ ለማድረግ አንዴ ጎንብሻለሁ፤ ለማውለቅ ድጋሚ ጎንበስ በል ካልሽኝ እዚሁ ቅበሪኝ።»

«በእንግድነት ነው የገባኸው አንተ ድንጋይ! በፎቶህ ነው ግንቦት ላይ የሚያርዱን!»

«ውሃ ውሃ ነው፣ ምን ልዩነት አለው?» አለ ሌላው። «ጠርገን እንሂድ፤ የበዓሉ ሩዝና ጥንቸል እሳት ላይ ነው።»

«ልዩነቱማ በሐምሌ ይታይሃል! የዛሬን ጥንቸል በደንብ አድርገህ ብላት!»

ኢኚጎ በእርጋታ ወደ መግቢያው መጣ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሸሚዙ እንደ እብነ በረዱ ነጭ ነው። የዚህ ሰው ክፋቱ ትሕትናው ነበር። ሲሰድቡት ያመሰግናል።

«ዶኛ ኦብዱሊያ፣ እንኳን ደህና መጡ። ይግቡ እንጂ፣ ለምን ደጅ ይቆማሉ? ቤቱ የእርስዎ ነው።»

«ቤቱን ለራስህ። እኔ የመጣሁት ለውሃው ነው።»

«ለምን ይቆጣሉ? ማንም አልከለከለዎትም። ወንድምዎ በጨዋ ደንብ ጠየቀን፣ እኛም በደስታ ፈቀድን።»

«ወንድሜ የውሃ አባት አይደለም። ስለ ቤናርሳ የሚፈርም እኔ ነኝ፤ እኔ አልፈረምኩም። ያንን ወረቀት ወስደህ መስኮትህን ጥረግበት።»

ኢኚጎ ፈገግ አለ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት? መብት በዕድሜ ከሆነ ገንዳው የእናንተም አይደለም እኮ። ሙሮቹ ናቸው የሠሩት። የእርስዎ ቅድመ አያቶች እነሱ ከተባረሩ በኋላ ከሰሜን መጥተው የሰው ቤት ውስጥ የገቡ ናቸው። እኛ ቢያንስ ኪራይ እንከፍላለን።»

ይህን በቤናርሳ ሁሉም ያውቀዋል፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን የለም። ኦብዱሊያ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ምክንያቱም እውነት ነው፣ እውነት ደግሞ ከማይገባው ሰው አፍ ሲወጣ ከስድብ በላይ ያማል።

«ልክ ነህ» አለች። «የነሱ ነው። የልጅ ልጆቻቸው ተመልሰው መጥተው ያንኳኩ ቀን ዶማውን በእጄ አስረክባቸዋለሁ። ለአንተ ግን አላስረክብም፤ አንተ ልትታጠብበት ነው።»

ከዚያ ዞር ብላ ሰዎቿን አንድ ጊዜ ብቻ አየቻቸው። አልጮኸችም። ይህ ከጩኸቱ የባሰ መሆኑን የሚያውቁ ሁሉ ተለጣፊያቸውን እየላጡ መውጣት ጀመሩ። ኤሜቴሪዮ ላስቲኩን እንዳጠለቀ እየተንሸራተተ ወጣ። የመጨረሻው ሰው እንዳለፈ ኢኚጎ ለካስቶ ምልክት ሰጠውና ብረቱ ተቆለፈ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ደንብ በጣቱ አሳየ፦ ያለ ትኬት መግባት ክልክል ነው፤ ለማንም ልዩ አስተያየት አይደረግም።

«ትኬት በፈለጉ ጊዜ በራችን ክፍት ነው» አለ።

ዳገቱ ግርጌ ሲደርሱ ሁሉም ባንዴ ማውራት ጀመሩ። አንዱ በሩን እንስበረው አለ፤ ሌላው ፖሊስ ይመጣል አለ፤ ሦስተኛው ስለ ሩዙ አነሣ። ኦብዱሊያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታስብ ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። የተናቀችው ደግሞ በወንድሟ እጅ ነው። በካስቶ ላይ ያላት ንዴት አልበርድ አላት።

«ዘንድሮ ሳንጠርግ ከዋልን ምን እንባላለን?» አለች ወደ ፉልሄንሲዮ ዞራ።

«ትተውታል እንባላለን። ከዘመናት አንዷ ዓመት ከተቆረጠች ክሩ ተበጠሰ ነው የሚሉት።»

«ስንት ሰው ነው መግባት ያለበት?»

«አንድ። አንድ የውሃ አባት፣ አንድ ዶማ፣ አንድ ባልዲ ደለል። አባትሽ በኩፍኝ ዓመት ብቻውን ጠርጓታል።» ሽማግሌው የምትመለከተውን አቅጣጫ ተከትሎ አየ። ከወይራዎቹ በላይ፣ ቦዩ ወደ መሬት ከሚገባበት፣ ጥቁር ቀዳዳ ይታያል። ውሃው ለጠረጋው ሲባል ከትናንት ጀምሮ ወደ ወንዙ ተቀልብሷል። «አብደሻል? መቶ ሃያ እርምጃ ነው! በልጅነትሽ ነበር የሚያስገባሽ። ዛሬ ወገብሽን ያየ...»

«ስለ ወገቤ የጠየቀህ የለም አጎቴ» አለችና የኤሜቴሪዮን የራስ መብራት ከግንባሩ ላይ ነጠቀችው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። ዶማዋን ከፊቷ እየገፋች በአራት እግሯ ገባች። ቦዩ ጠባብ ነው፤ ጣራው ጀርባዋን ይፍቃል፣ ጉልበቷ ሥር ያለው ጭቃ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። በመጀመሪያው ሠላሳ እርምጃ ኢኚጎን ሰደበች። በሁለተኛው ካስቶን። ከዚያ ትንፋሿ አጠረና መሳደቡን ትታ ማየት ጀመረች። በግድግዳው ልስን ላይ የጣት መስመር አለ፤ ኖራው እርጥብ ሳለ በእጁ ያለሰለሰ ሰው ትቶት የሄደ አራት ጣት። ልጅ ሆና በእነዚያ መስመሮች ላይ የራሷን ጣት እያሳለፈች ትጫወት ነበር፤ ያኔ የማን እንደሆኑ አልጠየቀችም። ሙሮቹ ሲባረሩ በየመንደሩ ሁለት ቤተሰብ እንዲቀር ተደርጓል ይባላል፤ ለመጤዎቹ ውሃውን እንዲያስተምሩ። አስተማሩ። ከዚያ እነሱም ተባረሩ። አመሰግናለሁ ያላቸው መኖሩን የሚያውቅ የለም። ኦብዱሊያ ይህን እያሰበች ሌላ ዓይነት ንዴት ያዛት፤ ወዴት እንደምትወረውረው ያላወቀችው ንዴት። እሱን ይዛ ወደፊት ተሳበች።

ገንዳው ውስጥ ስትወድቅ ደለሉ እስከ ጉልበቷ ነበር፤ ከላዩ ስስ ውሃ ቀርቷል። ከላይ በተከፈተው ክዳን የፀሐይ ብርሃን በመሰላሉ ላይ ይወርዳል፤ የጎብኚዎች ድምፅ ይሰማል። ባልዲዎቹም እንደተባለው በረድፍ ተደርድረዋል። ካስቶ እጀታቸውን ሁሉ ወደ አንድ በኩል አዙሮታል። ይህን ስታይ ልቧ ትንሽ ሊራራ ሲል ገሠጸችው።

አንዱን ባልዲ በዶማዋ ሞልታ መሰላሉን ወጣች።

ግቢው ውስጥ ሃያ ያህል ጎብኚ ነበር። ከመሬት ውስጥ ጭቃ የተለወሰች ሴት ብቅ ስትል አንዲት እመቤት ቦርሳዋን ጥላ ጮኸች። ኦብዱሊያ ለሁሉም «እንደምን አደራችሁ» ብላ ባልዲውን በነጩ እብነ በረድ ላይ ገለበጠችው። ጥቁሩ ደለል እስከ ዓምዶቹ ድረስ ፈሰሰ።

ኢኚጎ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ነገሩን ጨበጠ። ሞኝ አይደለም። እጆቹን ዘርግቶ ወደ ጎብኚዎቹ ዞረና፣ «ክቡራትና ክቡራን! ዛሬ ዕድለኞች ናችሁ። የመንደራችንን ጥንታዊ የጠረጋ ባህል የምታሳየን ክብርት እንግዳችን፣ ዶኛ ኦብዱሊያ! እንኳን ደህና መጡ!» አለ።

ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ። ጠበቃው ስልኩን አወጣ።

ኦብዱሊያ መታገልን ታውቅበታለች፤ ጭብጨባን ግን በምን ይመቱታል? «አልፈልግም» ብትል «እሺ እንዳሻዎት፣ ቤትዎ ነው» ይላታል። ብትሳደብ የትርኢቱ አካል ይሆናል። መቶ ሃያ እርምጃ በጉልበቷ ተንፏቅቃ የመጣችው እንግዳ ለመባል ነው። እንባዋ መጣ፤ የንዴት እንባ፣ እሷም ጠላችው።

«ውጪ!»

ሁሉም ዞረ። ካስቶ ነው። ከመግቢያው እየሮጠ መጥቶ፣ ሰደርያው ተጣሞ፣ ፊቱ እንደ አመድ ነጥቶ ገንዳው አፍ ላይ ቆመ።

«ውጪ ከዚህ! ማን ነው ያስገባሽ? ትኬትሽ የታል?»

«ካስቶ» አለ ኢኚጎ፣ «ችግር የለም። እንግዳችን ናት።»

«እንግዳ አይደለችም! በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ፣ እኔ አላስገባኋትም! ከለከልኳት! ደንቡ ያለ ትኬት ለማንም ይላል!» ድምፁ ተሰነጠቀ። ወደ እህቱ ዞረ፤ የሚያይ ሰው ሊመታት ነው ይላል። «ሃያ ሁለት ዓመት! አባዬ ዶማውን ለአንቺ የሰጠሽ ዕለት ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'ልብህ ወርቅ ነው፣ እምቢ ማለት ግን አልፈጠረብህም' አለኝ። ሰው ፊት! እኔ ወንድ ልጁ! ይኸው እምቢ! ይሰማሻል? እምቢ አልኩሽ! አይፈቀድልሽም!»

ዓይን ለዓይን ተያዩ። የወንድሟ ዓይን አይሸሽም። ያኔ ገባት፤ የተከለከለ ሰው እንግዳ አይባልም። ቁጣው የውሸት እንዳልሆነም ገባት፤ ሃያ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ነው፤ ግን የሚያፈስበትን ቦታ መርጧል።

«አንተ ማነህ የምትከለክለኝ?» ብላ በሙሉ ድምፅዋ መለሰች። «ሳልጠይቅህ ገብቻለሁ፣ ሳልጠይቅህ እጠርጋለሁ! ድሮም አባባ አውቆ ነው የነፈገህ!»

«ኧረ ውጪ! አንቺ ግትር በቅሎ!»

«በቅሎስ ትረግጣለች! አንተ በግ!»

ወረደች፣ ሁለተኛውን ባልዲ ሞላች፣ ወጣች። ኢኚጎ በዝቅተኛ ድምፅ ካስቶን ክንዱን ይዞ፣ «ዝም በል፣ እኔ ፈቅጃለሁ፣ ገባህ? ፈቅጃለሁ» ይለዋል። ካስቶም፣ «እንግዲያው ደንቡን ከግድግዳው ያውርዱት!» እያለ ይጮኻል። ጎብኚዎቹ ማጨብጨቡን ትተዋል፤ ሃያ ስልክ ተወድሮ ይቀርጻል። ጠበቃው የራሱን ኪሱ ከቶ፣ «ኢኚጎ፣ ተረጋጋ፣ ፈገግ በል» አለ።

ኦብዱሊያ ባልዲውን ይዛ ነጩ ሸሚዝ ፊት ቆመች። አልቸኮለችም። ደለሉን ከጉልበቱ ጀምራ እስከ ጫማው ጫፍ ድረስ ለቀቀችበት።

ጨዋነት ውድ ነገር ነው፤ ጫማ ግን የበለጠ ይወደዳል። ኢኚጎ ቁልቁል አየ። ቀና ሲል አንገቱ ላይ የደም ሥሩ ተገትሮ ነበር።

«ከቤቴ ውጪ!» ብሎ አምባረቀ። «አንቺ ቆሻሻ ባላገር! ማን ፈቀደልሽ? እግርሽ እዚህ እንዳይደርስ! ከልክያለሁ! ይሰማሻል? ከልክያለሁ!»

ጠበቃው ዓይኑን ጨፈነ።

በኦብዱሊያ ጭቃማ ፊት ውስጥ ጥርሷ ታየ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ወደ ሥራዋ ወረደች። እስከ ቀትር ጠረገች። ያስቆማት አልነበረም፤ ጠበቃው ጠባቂ እንዳይጠራ፣ ፖሊስም እንዳይደወል፣ ማንም ከዚህ በኋላ አንዲት ቃል እንዳይናገር አዟል። ደለሉን ብቻዋን አውጥታ ባትጨርሰውም የመውጫውን አፍ ከፈተች። ታች ያሉት ሰዎች ቀሪው ጭቃማ ውሃ ወደ ማሳው ቦይ ሲወርድ አይተው ሲጮኹ ሰማች።

በዋናው በር ነው የወጣችው፣ ዶማዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ። ካስቶ መግቢያው ጋ ቆሟል፤ ሰደርያው ግን የለም። ታጥፎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«እቴ» አለ በሹክሹክታ፣ እጁን ሊዘረጋ ቃጥቶ። «እኔ እኮ...»

«እንዳትነካኝ» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። ጎብኚዎቹ ከኋላው ተኮልኩለው አሁንም ይቀርጻሉ፤ ጠበቃው ከመስኮቱ ያያል። «ተቃቅፈን ካዩን ተመካክረው ነው ይላሉ። እስከ ግንቦት አንነጋገርም። ቤቴ እንዳትመጣ፣ በዓልም ቢሆን።»

ካስቶ እንባው ሞላ። «ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?»

«ስደበኝ» አለች። «እስከ ድልድዩ ድረስ።»

ቁልቁለቱን ጀመረች። ከዚያ ከኋላዋ የወንድሟ ድምፅ መጣ፤ ጎርነን ያለ፣ የተሰባበረ፣ በልጅነታቸው አልጋ ሲሻሙ ይሰድባት በነበረው ስድብ ሁሉ። እሷ ዘወር አላለችም። እሱ እያለቀሰ እስከ ድልድዩ ድረስ ሰደባት።